ግንቡ ወፍራም ነው፤ ግን ታስሯል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አዳማ ውስጥ አባታችን በ1964 ዓ.ም. ያሠሩት የድንጋይ ግንብ ቤት አለን። 8 በ10 ሜትር ነው። ግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ከጀርባው በኋላ የተጨመረ የብሎኬት ሰርቪስ አለ፤ ሮቶው የተቀመጠውም እሱ ላይ ነው። የካቲት 7 ቀን 2017 ማታ መሬት ሲንቀጠቀጥ የሳሎኑ በር ላይ ስንጥቅ ወጣ። አንዱ ማዕዘን ላይም ከላይ ወደ ታች የወረደ ሌላ ስንጥቅ አየን። ወንድሜ ‹ይሄ ግንብ ምሽግ ነው፤ ሶሌታ ጥለን ፎቅ እንሥራበት› ይላል። እናታችን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ መተኛት ይፈራሉ። ቤቱ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው በምን ይታወቃል?»

እናትዎን አይቆጧቸው። ከወንድምዎ ይልቅ ለእውነቱ የቀረቡት እሳቸው ናቸው። ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር አላዩትም። እናትዎ ስንጥቁን ያያሉ፤ ወንድምዎ የግድግዳውን ውፍረት ያያል። እኔ እንዲህ ያለ ቤት ስገባ ሁለቱንም ለጊዜው ትቼ ግድግዳ ከግድግዳ፣ ግድግዳ ከጣራ በምን እንደተያያዘ ነው የምፈልገው።

ለምን መሰለዎት? አንድ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ያቁሙ። ፊቱን በአንድ ጣት ገፋ ቢያደርጉት ይወድቃል። በጠርዙ በኩል ከገፉት ግን ይንሸራተታል እንጂ አይወድቅም። ግድግዳም እንደዚያው ነው። በርዝመቱ ሲገፋ ጠንካራ ነው፤ በሆዱ ሲገፋ ደካማ ነው። መሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ አቅጣጫ አይመርጥም። ቤቱ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ሲወዛወዝ ሁለቱ ግድግዳዎች በርዝመታቸው ይገፋሉ፤ የቀሩት ሁለቱ በሆዳቸው። አራቱ ማዕዘን ላይ በደንብ ከተያያዙ ጠንካሮቹ ደካሞቹን ይይዛሉ። ካልተያያዙ እያንዳንዱ ለየብቻው ይቆማል፤ ለየብቻውም ይወድቃል። ያልተያያዘ ግንብ ቤት ማለት አራት አጥር ተጠጋግተው ቆመው ላያቸው ላይ ቆርቆሮ የተጣለባቸው ማለት ነው።

«የካቲት 7ን ችሎ አድሯል» የሚለውን መከራከሪያም ቀድሜ ልዝጋው። ያ መንቀጥቀጥ መጠኑ 6 ገደማ ነበር፤ መነሻው ግን መተሐራና ፈንታሌ አካባቢ ነው። መተሐራ ከእናንተ በመንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እናንተ ጋ የደረሰው ተዳክሞ ነው። ቤቱ በሩቅ የተጮኸበትን ሰማ እንጂ ጆሮው ሥር አልተጮኸበትም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥና ዳር ላይ ደግሞ ጆሮ ሥር የሚጮኽበት ቀን ይመጣል። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ በተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ክፉኛ ፈርሳለች። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. የነበረው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ባለፈው ቻለ ወይ ሳይሆን ቀረብ ብሎ ቢመጣ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

አሁን ወደ መለኪያው። አውሮፓውያን በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት የጉዳት መለኪያ አለ። ቤቶችን ከኤ እስከ ኤፍ ይመድባል፤ ኤ በቀላሉ የሚፈርሰው ነው። ያልተጠረበ ድንጋይ፣ በተለይ በጭቃ የተገነባ፣ ኤ ላይ ይወድቃል። ተራ የጡብ ወይም የብሎኬት ግንብ ቢ ነው። ያው ጡብ ወለሉ የኮንክሪት ሲሆን ሲ ይሆናል። በኮንክሪት ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) እና ቢም (አግድም ማሰሪያ) ዙሪያውን የታቀፈ ግንብ ደግሞ ዲ ላይ ይወጣል። ልብ ይበሉ፤ ከቢ ወደ ዲ ሲወጣ ጡቡ አልተለወጠም። የተለወጠው ማሰሪያው ነው።

ጣሊያኖችም ቤት በመንቀጥቀጥ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ለመመዘን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሙበት ቅጽ አላቸው። 11 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ክብደት አለው። በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ግድግዳዎቹ እንዴት እንደተያያዙ የሚጠይቀው ክብደቱ 1 ነው። የግንቡ ዓይነትና ጥራት የሚጠየቅበት ግን 0.25 ብቻ ነው። አራት እጥፍ ልዩነት። ይህን ቁጥር ተማሪ ሆኜ ሳየው የኅትመት ስህተት መስሎኝ ነበር። የፈረሰ ቤት ቆሜ ካየሁ በኋላ ግን ገባኝ።

«ኮንክሪት ወለል ከቢ ወደ ሲ ያወጣል ካልክ ሶሌታው ቤቱን ያጠነክረዋል ማለት አይደለም?» ወንድምዎ ይህን እንደሚል አውቃለሁ፤ ብልጥ ሰው ይመስለኛል። መልሱን የሚሰጠው የጣሊያን ተራራ ነው።

ነሐሴ 24 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. መካከለኛው ጣሊያን ውስጥ አማትሪቼ የምትባል ትንሽ ከተማ በመንቀጥቀጥ ተመታች። መጠኑ 6 ገደማ ነው፤ ልክ እንደኛው የካቲት 7። በአጠቃላይ 299 ሰው ሞተ፤ አብዛኛው እዚያችው ከተማ ውስጥ። ቤቶቹ የእናንተን ይመስላሉ፦ ወፍራም፣ ያልተጠረበ ድንጋይ፣ መያዣው የደከመ። ብዙዎቹ ላይ ባለቤቶቹ በኋላ ከባድ የኮንክሪት ጣራና ወለል ጨምረውባቸው ነበር። ፍርስራሹ ፎቶ ላይ ሲታይ የሚያሳዝን ነገር አለው። ኮንክሪቱ ሳይሰበር እንደ ክዳን ተኝቷል፤ ከሥሩ የነበረው ግድግዳ ግን የድንጋይ ክምር ሆኗል። ሶሌታው ጠንካራ ነበር። የተሸከመው ግን ጠንካራ አልነበረም።

ከአማትሪቼ ብዙም የማትርቅ ኖርቻ የምትባል ሌላ ከተማ አለች። በዚያው ሌሊት እዚያ ሰው አልሞተም። ኖርቻ በ1859 እ.ኤ.አ. በመንቀጥቀጥ ከፈረሰች በኋላ የቤት ቁመት በደንብ ተገድቦ ነበር። በ1979 እና በ1997 እንደገና ስትመታም ቤቶቿ እየተጠገኑና እየታሰሩ ሄዱ። ግድግዳ ከግድግዳ የሚያያይዝ ረጅም ብረት ያስገባሉ፤ ጫፉ ውጭ በሳህን ይታሰራል። ይህን ብረት ጣሊያኖች ካቴና ይሉታል። እኛ እጅ የሚታሰርበትን ካቴና የምንለው ቃሉን ከነሱ ወስደን ነው። ግድግዳን ካቴና ማስገባት ብለው ቢያስቡት አይሳሳቱም። ከሁለት ወር በኋላ መጠኑ 6.5 የሆነ ሌላ መንቀጥቀጥ እዚያው ኖርቻ አጠገብ ተነሳ። የቅዱስ ቤነዲክቶስ ቤተ ክርስቲያን ፈረሰ። በከተማው ሰው አልሞተም፤ አብዛኛው ሕዝብ ቀድሞ ከቤቱ ወጥቶ ስለነበርም ነው።

እስኪ የእናንተን ሶሌታ እንመዝነው። 8 በ10 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 12 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ከነፌሮው 2.5 ቶን ገደማ ይመዝናል። 30 ቶን። አሁን ያለው ቆርቆሮ ከነእንጨቱና ከነኮርኒሱ በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ቢሆን ጠቅላላው 2.4 ቶን ነው። የላይኛው ፎቅ ግድግዳ፣ ሶፋና ፍሪጅ ሳይቆጠር ከ12 እጥፍ በላይ ጨመራችሁ ማለት ነው። ታክሲ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የሚገፋዎት ሹፌሩ አይደለም፤ የራስዎ ክብደት ነው። ቤትም በመንቀጥቀጥ ጊዜ የሚገፋው በራሱ ክብደት ነው። ክብደቱ ደግሞ ከፍ ብሎ በተቀመጠ ቁጥር ይብሳል።

ለወንድምዎ ፍትሐዊ ልሁን። የግድግዳው ውፍረት ዋጋ የለውም አላልኩም። በርና መስኮት ተቀንሶ በረጅሙ አቅጣጫ 14 ሜትር ሙሉ ግድግዳ ቀረ እንበል። በ0.5 ሜትር ሲባዛ 7 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለቤቱ ስፋት ለ80 ሲካፈል 8.75 በመቶ። የእኛ የሕንፃ ኮድ (የግንባታ ደንብ) የተቀዳበት የአውሮፓው ኮድ ፎቅ ለሌለው ተራ የግንብ ቤት እንደ ቦታው ከ2 እስከ 3.5 በመቶ ነው የሚጠይቀው። እናንተ ተርፎ ተረፋችሁ! ያ ቁጥር ግን ለደህና ጡብና ለደህና ሲሚንቶ የተጻፈ ነው እንጂ ለጭቃ አይደለም። ደግሞም የሚያወራው በርዝመቱ ስለሚገፋው ግድግዳ ነው። በሆዱ ስለሚገፋው ምንም አይልም። የእናንተ ችግር የግድግዳ ማነስ አይደለም። የማሰሪያ ማጣት ነው የምፈራው።

መፍራትና ማወቅ ግን ይለያያሉ። ስለዚህ መሐንዲስ እስኪመጣ እናንተ ራሳችሁ ልታዩ የምትችሉት አለ።

ከስንጥቁ እንጀምር። የበሩ ስንጥቅ ከበሩ ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሊንተሉ (ከበሩ በላይ ያለው አግዳሚ) ደካማ ሲሆንም፣ መሠረቱ ትንሽ ሲሰጥምም ይወጣል። ቤቱ ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ በበጋ እየሰፋ በክረምት እየጠበበ ዓመታት የኖረ፣ ያን ማታ ብቻ ያያችሁት ሊሆንም ይችላል። የስንጥቁን ጫፍና ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ከወር በኋላ እዩት። የኤቲኤም ካርድም ይሞክሩ፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ካርዱ ካልገባ ስንጥቁ ቀጭን ነው። በሁለት መስኮቶች መካከል ባለው ግንብ ላይ ኤክስ የሠራ ስንጥቅ ካለ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የመንቀጥቀጥ ፊርማ ነው።

የማዕዘኑ ስንጥቅ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። መሰላል ላይ ወጥተው ላይኛውን ጫፍ ይዩ። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች ሲወርድ የሚጠብ ከሆነ አንደኛው ግድግዳ ከሌላው እየተለየ ወደ ውጭ መዘንበል ጀምሯል ማለት ነው። ከጣራው ሥር ቱንቢ ይጣሉ። 3 ሜትር ቁመት ላይ ግድግዳው ከገመዱ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከወጣ አይጠብቁ፤ ሰው ይጥሩ።

ቀጥሎ ልስኑ ይከፈት። ከውስጥ በኩል፣ ሶፋ የሚሸፍነው ቦታ ላይ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ይበቃል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ከውጭ ሲታይ የድንጋዩ መጋጠሚያ በሲሚንቶ ጥርት ብሎ ተመትቷል፤ ባለቤቱም በጣም ይኮሩበታል። መዶሻ አስመጥቼ ሲሚንቶውን በትንሹ ፈለቀቅኩት። 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ሳወጣው ደረቅ አፈር እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ሰውየው ምንም አላሉም፤ ቁጭ አሉ። በ1960ዎቹ የተሠራ ብዙ የድንጋይ ቤት እንዲህ ነው፤ ሆዱ ጭቃ፣ ፊቱ ሲሚንቶ። ሲሚንቶው ዝናብ ይከላከላል እንጂ ድንጋይ ከድንጋይ አያያይዝም።

በተከፈተው ቦታ ሌላም ነገር ይዩ። 50 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ብዙውን ጊዜ አንድ ግድግዳ አይደለም። ከውጭ አንድ ፊት፣ ከውስጥ ሌላ ፊት፣ መሀሉ በጠጠርና በጭቃ የተሞላ ነው። ጥሩ ግንበኛ በየሜትሩ ከውጭ እስከ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ድንጋይ ያስገባል፤ ሁለቱን ፊት የሚያይዘው እሱ ነው። ከሌለ ግድግዳው እንደ ሳንድዊች ይከፈታል። ውጭው ወደ ውጭ፣ ውስጡ ወደ ውስጥ። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ ኳ ኳ ያድርጉት። ባዶ በርሜል የመሰለ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ ሆዱ ተለይቷል።

ከዚያ ኮርኒሱን ከፍተው ጣራው ግንቡ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ይዩ። ግንቡ አናት ላይ ዙሪያውን የሚዞር የኮንክሪት ቶፕ ታይ ቢም አለ? በ1964 ለተሠራ መኖሪያ ቤት ካለ ይገርመኛል። ከሌለ የጣራው እንጨት ግንቡ ላይ ዝም ብሎ ተጋድሟል፣ ቢበዛ በሽቦ ተጠምጥሟል። በሁለቱ ጎኖች ላይ ጣራውን ተከትሎ በሦስት ማዕዘን የወጣው ግንብ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው። ከላይ የሚይዘው የለም። ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ነው የሚወድቀው፤ ሰው እየሮጠ በሚወጣበት በኩል።

ሰርቪሱን ልረሳው ነበር። ብሎኬቱ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ነው አይደል? ኮለን አለው? ከዋናው ቤት ጋርስ በምን ተያያዘ? አብዛኛው ጊዜ በልስን ብቻ ነው። ሁለቱ ቤቶች በተለያየ ስልት ስለሚወዛወዙ መጋጠሚያቸው ላይ ይጋጫሉ። ሮቶው 2,000 ሊትር ከሆነ ሲሞላ 2 ቶን ነው። ቀጭን ብሎኬት አናት ላይ 2 ቶን ውሃ! ምንም ሌላ ነገር ባታደርጉ ይህን ሳምንት ሮቶውን አውርዱት። መሬት ላይ ቆሞ በፓምፕ ቢሠራ መብራት ሲጠፋ ይቸግራል፤ አውቃለሁ። ለብቻው የቆመ የብረት ማማ ይሻላል።

ጥገናውስ? ሙሉ ዝርዝሩን ቤቱን ያየ የስትራክቸር መሐንዲስ ነው የሚያወጣው። ቅደም ተከተሉን ግን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ከኋላ ጀምሮ ያጠፋዋል። ስንጥቅ በሲሚንቶ መድፈንና ቀለም መቀባት ጥገና አይደለም። መጀመሪያ ግድግዳው ራሱ ወደ አንድነት ይመለስ፦ ሁለቱን ፊት የሚያይዝ ብረት ወይም ኮንክሪት በየቦታው ይገባል፤ ባዶው ይሞላል፤ ማዕዘኖቹ ይሰፋሉ። ከዚያ አናቱ ላይ ዙሪያውን ቢም ይታሰራል። ቢሙ ቀጭን ይሁን፤ ከባድ ቢም ደካማ ድንጋይ ላይ መጫን ያው የሶሌታው ስህተት ነው። ማዕዘን ላይ ፌሮው ቀጥ ብሎ እንዳይቆም። ታጥፎ ቀጣዩ ግድግዳ ውስጥ በደንብ መግባት አለበት። እኔ ሳይት ላይ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፤ በብዛት የሚበላሸውም ይሄው ነው። ቢም አይመቸንም ካላችሁ ከግድግዳ ግድግዳ የሚሄድ ብረት አለ፤ ያ የኖርቻው ካቴና። ሦስት ማዕዘኑ ግንብ ፈርሶ በእንጨትና በቆርቆሮ ይተካ። ከተረፋችሁ ከውስጥና ከውጭ የሽቦ መረብ በቀዳዳ እየተያያዘ ይለሰን።

ፎቁ? በዚህ ግንብ ላይ አይሆንም። መሬቱ ውድ መሆኑ፣ ኪራይ ማስገባቱ ይገባኛል። ፎቅ የግድ ከሆነ የራሱ መሠረትና የራሱ ኮለን ያለው፣ ከአሮጌው ግንብ የተለየ ቤት ጎን ለጎን ይሠራ። ሶሌታውን ግንቡ ላይ ጥሎ «ወፍራም ነው» የሚል ኮንትራክተር ከመጣ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ሶሌታው ከግንቡ ጋር በምን ይያያዛል? «በክብደቱ» ካለ ቡና አጠጥተው ይሸኙት።

ለእናትዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። ግቢ ውስጥ አይደሩ፤ ብርዱ ይጎዳቸዋል። ማዕዘኑ የተሰነጠቀበት ክፍል ግን አይተኙ። አልጋቸው ከሦስት ማዕዘኑ ግንብና ከቁም ሳጥን ይራቅ፤ ቁም ሳጥኑም በብሎን ግድግዳ ላይ ይታሰር። ወደ ውጭ የሚወስደው መንገድ ከሰርቪሱና ከሮቶው ሥር አይለፍ።

የማዕዘኑን ስንጥቅ ፎቶ ሲልኩልኝ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ሦስት ያንሱ። በየፎቶው ስንጥቁ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ፤ ስፋቱን ከሱ ጋር አስተያይቼ እነግርዎታለሁ።